ማሪ ኩሪ ከመባሏ በፊት

ማሪ ኩሪን የምናውቃት በራዲየምና በሁለት የኖቤል ሽልማቶች ነው። ዛሬ የምናየው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው፤ በ20 ዓመቷ ገደማ ቅስሟ የተሰበረ ልጅ እንዴት እንደገና ሰው እንደሆነች፣ እንዴትስ እንደገና እንደወደደች። ብዙ ሰው ሲያወራው «ፍቅሯ ፈረሰ፣ ፓሪስ ሄደች፣ ፒየርን አገኘች» ብሎ ይጨርሰዋል። በሒሳብ ፈተና መልሱን ብቻ ለሚጽፍ ተማሪ ሙሉ ማርክ አልሰጥም፤ አሠራሩን አሳየኝ እላለሁ። እዚህም አሠራሩን እንይ።

መጀመሪያ የተሰጠውን እንጻፍ። ማሪያ ስክዎዶቭስካ በ1867 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋርሶ ተወለደች። ከተማዋ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲውም ሴት አይቀበልም። ስለዚህ ከእህቷ ከብሮኒያ ጋር መከሩ። ብሮኒያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማር፣ ማሪያ እየሠራች ገንዘብ ትላክላት፤ ከዚያ ተራው የማሪያ ይሆናል። ይህን አስምሩበት፤ የፓሪሱ ሐሳብ ከፍቅሩም ከስብራቱም ይቀድማል።

በ1886 መጀመሪያ ሽቹኪ ወደምትባል ገጠር ወርዳ በአንድ ባለጸጋ ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። የቤቱ የበኩር ልጅ ካዚሚየዥ ዦራቭስኪ ዋርሶ ሒሳብ ይማር ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ተዋደዱ፤ ሊጋቡም አሰቡ። ወላጆቹ ግን ቤሳ ቤስቲን የሌላት ተቀጣሪ ለልጃችን አትሆንም አሉ። እሱም ከወላጆቹ ቃል መውጣት አቃተው።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። እኛ አገር ሽማግሌ እንቢ ተብሎ ሲመለስ፣ ቢያንስ በየቀኑ ፊት ለፊት መተያየቱ ይቀራል። ማሪያ ይህችን እረፍት እንኳ አላገኘችም። የብሮኒያ ገንዘብ መቋረጥ የለበትምና፣ አንፈልግሽም ባሏት ሰዎች ቤት ጥርሷን ነክሳ እስከ 1889 ቆየች፤ ልጆቻቸውንም አስተማረች። ቀድማ የጀመረቻቸውን ሁለት ነገሮችም አልተወችም። አንደኛው የገበሬ ልጆችን በድብቅ ፖላንድኛ ማስነበብ ነው፤ ቢታወቅ ያስቀጣል። ሁለተኛው ማታ ማታ ብቻዋን ፊዚክስና ሒሳብ ማጥናት ነው።

ታዲያ ተሻላት? ገና ነው። በ1890 ብሮኒያ «ነይ» ስትላት አመነታች፤ በካዚሚየዥ ገና ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ዋርሶ ውስጥ ዘመዷ በሚመራው ቤተ ሙከራ ገብታ፣ በመጽሐፍ ብቻ የምታውቀውን ሙከራ በገዛ እጇ መሥራት ጀመረች። እንደ እኔ ግምት ማሪያን ለራሷ የመለሳት ከፓሪስ ይልቅ ይህ ክፍል ነው። በ1891 በጋ ካዚሚየዥን ተራራማዋ ዛኮፓኔ ላይ አገኘችው፤ አሁንም እያመነታ ነበር። ቁርጧን አወቀች። በኅዳር ወር ፓሪስ ገባች።

በፓሪሱ ዩኒቨርሲቲ በሶርቦን ያሳለፈችውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው፤ ብርድ፣ ረሃብ፣ ጥናት። በ1893 በፊዚክስ አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና ተመረቀች።

ፒየር የሚመጣው በዚሁ በ1894 ነው። ማሪያ የብረት ዓይነቶችን መግነጢሳዊ ጠባይ እንድታጠና ሥራ ተሰጥቷት ቦታ ጠበባት። አንድ ፖላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ምናልባት ይረዳሽ ይሆናል ብሎ ከፒየር ኩሪ ጋር አስተዋወቃት። ልብ በሉ፤ የፈለገችው የመሥሪያ ቦታ እንጂ ባል አይደለም። ፒየርም ቢሆን በስጦታ የሰጣት አበባ ሳይሆን የራሱን የፊዚክስ ጽሑፍ ነው፤ ለእሷ ከዚህ የተሻለ ማማለያ ያለ አይመስለኝም።

ላግባሽ ሲላት ግን እሺ አላለችም። ተመልሳ በአገሯ ልታስተምር፣ ከአባቷም ጋር ልትኖር ነበር ሐሳቧ፤ በዚያው በጋም ወደ ፖላንድ ሄደች። ፒየር ደብዳቤ እየጻፈ ለመናት፤ ካስፈለገም ፖላንድ ድረስ ሊከተላት ዝግጁ ነበር። ያኛው ከወላጆቹ ቃል መውጣት ያቃተው ሰው መሆኑን አስታውሱ።

በመጨረሻም እሺ አለች፤ ሐምሌ 26 ቀን 1895 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው፣ ሶ በምትባል ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ቀለበት አልነበረም። ቀሚሷም በኋላ ቤተ ሙከራ እንድትለብሰው ብላ የመረጠችው ጥቁር ሰማያዊ ነበር። በስጦታ በተገኘው ገንዘብ ሁለት ብስክሌት ገዝተው ለጫጉላ ወደ ገጠር ወጡ።