የእርግብ ጅራት መጋጠሚያ፦ ጀማሪ ገንዘቡን በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ያውል?

ያለ ሚስማር የተሠራ የጠረጴዛ መሳቢያ በየዕለቱ ሲጎተት ፊቱ ከጎኖቹ የማይላቀቀው ለምንድን ነው? ምስጢሩ ማዕዘኑ ላይ ነው። የጎኑ ሳንቃ ጫፍ እንደ እርግብ ጅራት ከሥሩ ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የፊቱ ሳንቃ ደግሞ በጅራቶቹ መካከል የሚገቡ ፒኖች ይወጡለታል። በእንግሊዝኛ ዶቭቴይል የሚባለው ይህ መጋጠሚያ ከጥንታዊት ግብፅ በተገኙ የእንጨት ዕቃዎች ላይ ሳይቀር ይታያል። ሚስማር የሚይዘው በሰበቃ ኃይል በመሆኑ እንጨቱ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ እየላላ ይሄዳል። የእርግብ ጅራት ግን የሚይዘው በቅርጹ ነው።

ይህን መጋጠሚያ በእጅ መሥራት ለሚጀምር ተማሪ የመሣሪያው ዓይነት ብዙ፣ ገንዘቡ ግን ውስን ነው። ስለዚህ ምርጫው «ትክክለኛነት የሚያስፈልገው የቱ ላይ ነው?» በሚለው ጥያቄ ሊመራ ይገባል።

ልኬት

የጅራቱ ተዳፋት በተለምዶ ለለስላሳ እንጨት 1 ለ 6 (9.5 ዲግሪ ገደማ)፣ ለጠንካራ እንጨት 1 ለ 8 (7 ዲግሪ ገደማ) ነው። ሆኖም ጅራቶቹ አስቀድመው ተቆርጠው ቅርጻቸው በሁለተኛው ሳንቃ ላይ ከተገለበጠ፣ የተዳፋቱ ስሕተት ወደ ፒኖቹም ስለሚተላለፍ መጋጠሚያውን አያበላሽም። የሚያበላሸው ቁርጡ ከሳንቃው ፊት ጋር 90 ዲግሪ አለመሥራቱ ነው። ስለዚህ ልዩ የማዕዘን መለኪያ ከመግዛት ትክክለኛ ስኳድራ መግዛት ይቀድማል። ስኳድራውን ለመፈተን ከአንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ መስመር ማስመር፣ ከዚያም ገልብጦ በዚያው ነጥብ እንደገና ማስመር ነው፤ መስመሮቹ ከተለያዩ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የስኳድራው ስሕተት እጥፍ ነው። ለማስመርም ከእርሳስ ይልቅ ስል ቢላዋ ይመረጣል፤ የእርሳስ መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ሲችል የቢላዋው ጭረት ግን እጅግ ቀጭን ነው።

መጋዝ

የጅራቱ ጎኖች የሚቆረጡት በአብዛኛው የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ በመሆኑ፣ ጥርሱ ለቁመት መሰንጠቂያ የተሞረደ፣ በአንድ ኢንች ከ15 እስከ 20 ጥርስ ያለው አጭር መጋዝ ይስማማል። ቀጭን ምላጭ ጠባብ ቁርጥ ያወጣል፤ ነገር ግን ሲገፋ ይጎብጣል። ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1744 ባሳተመው ሥራ መሠረት ከጫፉ የተገፋ ቀጭን አካል የሚጎብጥበት ኃይል ለምላጭ ሲሰላ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ የመቋቋም አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የአውሮፓ መጋዝ በመግፋት ስለሚቆርጥ ጀርባው በብረት ወይም በነሐስ ዘንግ ይደገፋል። ዶዙኪ የተባለው የጃፓን መጋዝ ደግሞ በመሳብ ስለሚቆርጥ ምላጩ ይወጠራል እንጂ አይጎብጥም፤ በመሆኑም ይበልጥ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ይሁንና በዘመናችን ከሚሸጡት የጃፓን መጋዞች የብዙዎቹ ጥርስ በተራ ሞረድ አይሳልም። መለዋወጫ ምላጭ በማይገኝበት ከተማ ሊሞረድ የሚችለውን መጋዝ መምረጥ ብልህነት ነው።

መሮ

6 እና 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መሮዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ጎናቸው ወደ ላይ የተንሸራተተ መሆን አለበት፤ አለዚያ በጅራቱ ሥር ወዳለው ጠባብ ማዕዘን አይገቡም። ዋናው ግን ስለቱ ነው። 12 ሚሊ ሜትር መሮ በ60 ኒውተን ሲገፋ፣ የደነዘ ጫፉ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ግፊቱ በሚሊ ሜትር ካሬ 50 ኒውተን ነው። ጫፉ ተስሎ ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢቀጥን ግን ያው ጉልበት 500 ኒውተን በሚሊ ሜትር ካሬ ይሰጣል። በመሆኑም ርካሽ ነገር ግን የተሳለ መሮ ከውድና ደነዝ መሮ ይበልጣል። ለመሳያም በወፍራም መስታወት ላይ የተዘረጋ 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል ስኳድራና ቢላዋ፣ የመሳያ ወረቀት፣ ሁለት መሮ፣ በመጨረሻም መጋዝ ይሁን። የእንጨት መዶሻውን ተማሪው ራሱ ሊሠራው ይችላል። ለመለማመጃ ከአናጢ ቤት የተገኘ የዋንዛ ወይም የፈረንጅ ጽድ ቁራጭ ወስዶ አንድ ጅራት ብቻ ያለው መጋጠሚያ ደጋግሞ መቁረጥ ይጠቅማል። ክፍተት በታየ ቁጥር ምክንያቱ መስመሩ፣ የመጋዙ ቀጥታ ወይስ የመሮው ስለት እንደሆነ መለየት ከሥራው የሚገኝ ትልቁ ትምህርት ነው።