በብርድ አገር ወይን ያለሙ ሊቅ፤ የዶክቶር ኮንስታንቲን ፍራንክ ሥራና ለእርሻ ሹማምንት የሚሰጠው ትምህርት

አንድ ተክል በአንድ አገር አይበቅልም ተብሎ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ነገሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንደ ሕግ ይቆጠራል፤ ምክንያቱንም መልሶ የሚመረምር ሰው በብዙ አይገኝም። በሰሜን አሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት የኤውሮፓ ወይን አይጸድቅም የሚለው ውሳኔ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነበረ። ይህን ውሳኔ በሥራ ያፈረሱት ዶክቶር ኮንስታንቲን ፍራንክ ናቸው። የእርሳቸውን ታሪክ ማወቅ ወይን ለሚተክሉ ብቻ ሳይሆን፥ አዲስ ተክል ወደ አገራቸው ለማስገባት ለሚያስቡ የእርሻ ሹማምንት ሁሉ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ሁለቱ የወይን ዘር

የወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ዋናው ዘር በኤውሮፓና በምዕራብ እስያ ከጥንት ጀምሮ ሲለማ የኖረው ነው፤ ሊቃውንት ቪኒፌራ ይሉታል። አሜሪካም የገዛ ራሷ የዱር ወይን አላት፤ ከእርሱም ወገን ላብሩስካ የተባለው ብርድን ይችላል፥ በሽታንም ይቋቋማል፤ ነገር ግን ጠጁ ለኤውሮፓ ጠጅ ለለመደ ሰው የማይስማማ ጠንካራ ሽታ አለው።

ከእንግሊዝ አገር ሄደው በቨርጂንያ የሰፈሩ ሰዎች በ1619 ዓ.ም. በሸንጎአቸው እያንዳንዱ ባለቤት በየዓመቱ 10 የወይን ሐረግ እንዲተክል ሕግ አወጡ። ሕጉ ቢወጣም የተተከለው ሁሉ ደረቀ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቶማስ ጄፈርሰንም በርስታቸው በሞንቲቼሎ ደጋግመው ተክለው አልሆነላቸውም። የጥፋቱ ምክንያት በጊዜው አልታወቀም ነበር፤ ኋላ ግን ሦስት ነገሮች መሆናቸው ተገለጠ፤ ይኸውም ሻጋታ፥ ብርድና ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር የምትበላ ጥቃቅን ተባይ ናቸው።

የአሜሪካ ወይን ከዚህች ተባይ ጋር አብሮ የኖረ ስለ ሆነ ሥሩ ጉዳቷን ይችላል፤ የኤውሮፓው ወይን ግን ሥሩ በስብሶ ይሞታል። በ1860ዎቹ ተባይዋ ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ የአገሩን ወይን ባጠፋች ጊዜ መድኃኒቱ ከዚያው ከአሜሪካ ተገኘ፤ ይኸውም የኤውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ማጣበቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ሥሩ ተባይዋን ይችላል፥ ፍሬውም የቅርንጫፉን ጠባይ ይዞ ይቀራል።

2ኛ፤ ስለ ሥፍራው

በኒው ዮርክ ግዛት በምዕራቡ በኩል ፊንገር ሌክስ፥ ማለት የጣት ሐይቆች፥ የሚባሉ 11 ረዣዥምና ጠባብ ሐይቆች አሉ፤ በጥንት ዘመን የበረዶ ክምር እየተንሸራተተ የቆፈራቸው ናቸው። ጥልቅ ውኃ በበጋ የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ በዳሩ ያለው ተዳፋት መሬት በክረምት ከሩቁ አገር ይልቅ ይሞቃል። ቀዝቃዛ አየርም ከባድ ስለ ሆነ በተዳፋቱ ላይ ሳይቆም ወደ ታች ይወርዳል። በጸደይም ውኃው ቶሎ ስለማይሞቅ በዳሩ ያለው ተክል ያለ ጊዜው አያቆጠቁጥም፤ ከኋለኛው ውርጭም ይድናል።

በኪዩካ ሐይቅ ራስ ባለችው በሐሞንድስፖርት ከተማ ዊልያም ቦስትዊክ የተባሉ ቄስ በ1829 ዓ.ም. በቤታቸው አትክልት ወይን ተከሉ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አጠገብ ፕሌዛንት ቫሊ የተባለው የወይን ጠጅ ማኅበር ተቋቋመ። ነገር ግን የሚተከለው ኮንኮርድ፥ ካታውባ፥ ደላዌር የሚባለው የአሜሪካ ወይን ነበረ። የኤውሮፓውን ዘር የሞከሩ ሰዎች በክረምት ሲሞትባቸው ስላዩ፥ በአሜሪካ ሥር ላይ ማጣበቅ ከታወቀም በኋላ ድፍረት አላገኙም። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው ሆነ።

3ኛ፤ ስለ ሰውየው

ኮንስታንቲን ፍራንክ በ1899 ዓ.ም. በዩክሬይን ከጀርመን ወገን ቤተ ሰብ ተወለዱ። በኦዴሳ ተምረው በወይን እርሻ ትምህርት የዶክቶርነትን ማዕርግ ተቀበሉ፤ የጻፉትም ስለ ኤውሮፓ ወይን በብርድ አገር አተካከል ነበረ። በአገራቸው ታላቅ የወይን እርሻ መርተዋል፥ አስተምረዋልም። የዩክሬይን ክረምት ከኒው ዮርክ የማያንስ ብርቱ ነው፤ በዚያም ገበሬዎች በመከር ጊዜ ሐረጉን በአፈር ይቀብሩታል፥ በጸደይም ይገልጡታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው በስደት ከኖሩ በኋላ፥ በ1951 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ፥ ገንዘብም ሆነ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሳይኖራቸው ነበረ። አስቀድመው በኒው ዮርክ ከተማ በምግብ ቤት ሳሕን አጠቡ። ከዚያም በጄኔቫ ከተማ ወዳለው የግዛቱ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሄዱ፤ በዚያም የተሰጣቸው የቀን ሠራተኛ ሥራ፥ መሬት መኮትኮትና ማረም ነበረ። የኤውሮፓ ወይን በዚህ አገር ይጸድቃል እያሉ ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም።

የሰማቸው ሻርል ፉርኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ነበሩ። እኒህ ሰው በሻምፓኝ አገር በታወቀው በቬቭ ክሊኮ ቤት የሠሩ፥ በ1934 ዓ.ም. ወደ ሐሞንድስፖርት መጥተው ኋላ ጎልድ ሲል የተባለውን የወይን ጠጅ ማኅበር የመሩ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ከዶክቶር ፍራንክ ጋር ተገናኝተው በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ። ዶክቶር ፍራንክ ያቀረቡት ክርክር አጭር ነበረ፤ ብርዱ ከዚህ በሚብስበት በዩክሬይን የኤውሮፓ ወይን ከለማ፥ በኒው ዮርክ የሚገድለው ብርድ ብቻ ሊሆን አይችልም አሉ። ፉርኒዬ ነገሩን አመዛዝነው ወዲያው ለሥራ ቀጠሯቸው።

4ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ዶክቶር ፍራንክ ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። የወይን ቅርንጫፍ ከውርጭ የሚድነው ክረምት ሳይገባ እድገቱን አቁሞ እንጨቱ ሲጠነክር ነው። ሥሩ እስከ መከር መጨረሻ ድረስ ውኃ እየሳበ የሚያሳድገው ከሆነ ቅርንጫፉ ለምለም እንደ ሆነ ውርጭ ይደርስበታል፥ ይሞታልም። ስለዚህ ለብርድ አገር የሚያስፈልገው ተባይን የሚችል ሥር ብቻ አይደለም፤ ሥራውን በጊዜው ጨርሶ ቅርንጫፉን ቀድሞ የሚያጠነክር ሥር ያስፈልጋል።

ይህን የመሰለ ሥር ፍለጋ ሁለቱ ሰዎች በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ዞሩ፤ ወደ ካናዳም ተሻግረው በኬቤክ በአንድ ገዳም አትክልት ውስጥ ፒኖ የተባለው የፈረንሳይ ወይን በዚያ ብርድ ሲኖር አገኙ። የሰበሰቡትን ሥር ከልዩ ልዩ የኤውሮፓ ወይን ቅርንጫፍ ጋር በብዙ ሺህ እያጣበቁ በልዩ ልዩ አፈር ላይ ተከሉ። የተጣበቀበትን ሥፍራም ክረምት ሳይገባ በአፈር አለበሱት፤ የላዩ ክፍል ቢሞት እንኳ ከመጣበቂያው በላይ ያለው የቅርንጫፉ ዐይን ተርፎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ነው።

በየካቲት ወር በ1957 ዓ.ም. ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። በዚያ ዓመት ብርድን ይችላሉ ከተባሉት ከአሜሪካ ወይኖች ጥቂቶቹ ምንም ሳያፈሩ ቀሩ። በተመረጠው ሥር ላይ ከተጣበቁት ከሪዝሊንግና ከሻርዶኔ ዐይኖች ግን የተጎዳው ከዐሥር አንድ እጅ አይሞላም ነበረ፤ በመከርም የበሰለ ፍሬ ሰጡ። ብዙ ዓመት በቃል ሲያከራክር የኖረው ነገር በአንድ ክረምት ተፈረደ።

5ኛ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው

ዶክቶር ፍራንክ በኪዩካ ሐይቅ ዳር የራሳቸውን መሬት ገዝተው በ1962 ዓ.ም. ቪኒፌራ ዋይን ሴላርስ የተባለውን የጠጅ ቤት አቆሙ። በዚያም ከሪዝሊንግና ከሻርዶኔ ጋር ርካጺቴሊ የተባለውን የጂዮርጂያ ወይን ተከሉ። ከሌላም ግዛት ለሚመጡ ተካዮች ዕውቀታቸውን አካፈሉ፤ በ1967 ዓ.ም. በቤታቸው ከተሰበሰቡ የወይን ወዳጆች የአሜሪካ የወይን ማኅበር ተመሠረተ።

ሰውየው ያለ ጉድለት አልነበሩም። የአሜሪካንና የኤውሮፓን ዘር በማዳቀል የተገኙትን ወይኖች ለጤና ይጎዳሉ እያሉ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ይህ ቃላቸው ግን በምርመራ አልጸናም፥ ድቅሎቹም እስከ ዛሬ በብዙ ብርድ አገር ይለማሉ። በራሳቸው መስክ ማስረጃን የሚጠይቁ ሊቅ በሌላው ነገር ያለ በቂ ማስረጃ መፍረዳቸው ለአንባቢ ማስጠንቀቂያ ነው።

በ1976 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ግዛት ትንንሽ ገበሬዎች ጠጃቸውን ከእርሻቸው ለገዢ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በ1982 ዓ.ም. ፊንገር ሌክስ በመንግሥት የታወቀ የወይን አገር ሆነ። ዶክቶር ፍራንክ በ1985 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥራውን ልጃቸው ዊሊ፥ ከእርሱም በኋላ የልጅ ልጃቸው ፍሬድ ቀጠሉ። ዛሬ በዚያ አገር ከመቶ በላይ የጠጅ ቤቶች አሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነውም በዚያ አይጸድቅም ተብሎ የነበረው ሪዝሊንግ ነው።

6ኛ፤ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ሐረግን በአፈር መቅበር አይደለም፤ ይህ ክረምቱ ብርቱ ለሆነ አገር የሚሆን ብልሃት ነው። የሚወሰደው የምርመራው ሥርዓት ነው።

መጀመሪያ፥ አንድ ተክል በጠፋ ጊዜ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ተባይ፥ ሻጋታና ብርድ በአንድነት የሠሩትን ጥፋት ለብርድ ብቻ መስጠት አንድን አገር ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከጥቅሙ አስቀርቶታል።

ሁለተኛ፥ የላዩን ፍሬ ብቻ ሳይሆን የታቹን ሥር መምረጥ ይገባል። ችግኝ ሲታደል ቅርንጫፉ ከምን ዓይነት ሥር ጋር እንደ ተጣበቀ የማይጠይቅ ሹም፥ የሚያድለውን ነገር እኩሌታውን አያውቀውም።

ሦስተኛ፥ ሕግ ብቻውን ተክል አያጸድቅም። የቨርጂንያ ሸንጎ ተክሉ ብሎ አዘዘ፥ ነገር ግን እንዴት እንደሚተከል የሚያውቅ አልነበረም። የኒው ዮርክ ሕግ ግን ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ ስለ ወጣ ብዙ ፍሬ አፈራ።

አራተኛ፥ አዲስ ተክል ክፉ ዘመን ሳይፈትነው ለሕዝብ ሊታደል አይገባም። የ1957ቱ ክረምት ባይመጣ ኖሮ የዶክቶር ፍራንክን ቃል የሚያምነው ጥቂት ሰው ብቻ በሆነ ነበር።

አምስተኛና ዋናው፥ ሹም ከበታቹ የሚሠራውን ሰው ዕውቀት ሊመረምር ይገባዋል። የግዛቱን ወይን የሚለውጠው ሰው በግዛቱ የምርምር ጣቢያ ውስጥ በእጁ ዶማ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የጎደለው ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበረ።