ባቡሩ ያለፋት ከተማ፦ ኒኮደመስ

በዘንድሮው የታሪክ ትምህርታችን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስንማር አንድ ጥያቄ አነሣን። በባርነት ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ነፃ ከወጡ በኋላ ወዴት ሄዱ? መምህራችን ለምሳሌ ያህል በካንሳስ ግዛት፣ ዛፍ በማይበዛበት ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ያለችውን ኒኮደመስ የተባለች የገበሬዎች ከተማ እንድናጠና አዘዙን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1877 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከኬንታኪ 300 ያህል ሰዎች መጡ። በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ይፈቅድ ነበር፤ ሰፋሪው ግን አምስት ዓመት ኖሮበት ማልማት ነበረበት። ትናንት የሌላ ሰው ንብረት ተብሎ ይቆጠር ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የተነገራቸውና ያገኙት አልተመሳሰለም። በ1878 የጸደይ ወራት ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር የደረሰችው ዊሊያና ሂክማን ከተማዋ የት እንዳለች ብትጠይቅ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጢስ አሳዩዋት። ሰዎቹ እንጨት ስላልነበራቸው መሬቱን ቆፍረው ነበር የሚኖሩት። ሂክማን ይህን አይታ አለቀሰች። እኛም ይህን ክፍል ደጋግመን አንብበነዋል። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕዝብ ሰዎች ሥጋ ባያካፍሏቸው ኖሮ ረሃቡ በባሰ ነበር። የእርሻ ከብትም እምብዛም ስላልነበራቸው ብዙዎቹ መሬቱን በአካፋና በመቆፈሪያ ነው ያለሙት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሱቆችና ጋዜጦች ነበሯቸው። ከነዋሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ።

ቀጥሎ የባቡር ነገር መጣ። በ1887 ነዋሪዎቹ ሐዲዱ በከተማቸው እንዲያልፍ ብለው 16,000 ዶላር ለመስጠት በድምፅ ወሰኑ። ያ መስመር ሳይሠራ ቀረ። በ1888 ሌላ ኩባንያ ሐዲዱን ከሰሎሞን ወንዝ ማዶ ዘረጋው። ነጋዴዎቹ ወደዚያ ተሻገሩ፤ አንዳንዶቹ ቤታቸውን ሳይቀር እየጎተቱ ወሰዱ። ገበሬዎቹ ግን ቀሩ። የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ደግሞ ከእነሱም ብዙዎችን አባረረ። ፖስታ ቤቱ በ1953 ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም ብዙም ሳይቆይ ተከተለ።

ዛሬ በኒኮደመስ የሚኖሩት እጅግ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ የመሥራቾቹ የልጅ ልጆች ከየግዛቱ ተሰባስበው የነፃነት በዓል ያከብራሉ። ሰልፍ አለ፣ ጸሎት አለ፣ ምግብ አለ። በ1996 አምስት ሕንፃዎቿ በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ከእነሱም አንዱ ያ የተዘጋው ትምህርት ቤት ነው።

ከክፍላችን ግማሹ «እንግዲህ ኒኮደመስ አሁንም ከተማ ናት» ሲል ግማሹ «የዘመዳሞች መገናኛ እንጂ ከተማ አይደለችም» አለ። ደወል ሲደወልም ገና እየተከራከርን ነበር።