የግራፊክስ ካርድ ቺፕ «ጥራት» ምንን ይለካል?

በካዛንቺስም ሆነ በሌላው የቂርቆስ ሰፈር ያገለገለ የግራፊክስ ካርድ ለመግዛት የሚነሣ ተማሪ፣ «ፍጥነቱ ቢጨመር ካርዱ ምን ያህል ይሸከማል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎች ለዚህ መልስ አድርገው የሚይዙት አንድ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ቴክፓወርአፕ ያዘጋጀው ጂፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም «የኤሲክ ጥራት» ብሎ በመቶኛ የሚያሳየው ንባብ ነው። በዚህ ቁጥር ተመርተን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ትርጉሙን መመርመር ይገባናል።

1ኛ. የንባቡ ምንነት

ከአንድ ጭቃ የተሠሩ ምጣዶች እንኳ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ በጥቂት እንጨት ቶሎ ይግላል፣ ሌላው ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። ቺፕም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ቺፕ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን ትራንዚስተሮቹ ተዘግተው ሳሉም ኤሌክትሪክ ያፈሳሉ። ሌላው ብዙም አያፈስም፤ ሆኖም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሻል። ፋብሪካው ይህን ጠባይ ለክቶ በቺፑ ላይ ይመዘግበዋል፤ ፕሮግራሙም የሚያነበው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ «ጥራት» የሚለው ስም ያሳስታል። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ካሠራው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው፤ ቤቱን ማን እንዳሠራው ይነግረናል እንጂ የነዋሪውን ጠባይ አይነግረንም።

2ኛ. ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ

በፕሮግራሙ ማብራሪያ መሠረት፣ ከፍተኛ ንባብ ያለው ቺፕ በአነስተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ በአየር ሲቀዘቅዝ የተሻለ ፍጥነት ይጠበቅበታል። ዝቅተኛ ንባብ ያለው ደግሞ በውሃ ወይም 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ የበለጠ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ለአንዱ ሰው መልካም፣ ለሌላው ጉድለት ነው።

ደግሞም ንጽጽሩ የሚያገለግለው በአንድ ዓይነት ቺፕ መካከል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት የኤንቪዲያ ፓስካል ካርዶች ላይ ይህን ንባብ አያሳይም። የ1060 ካርድ ይዞ «ጥራቱ 80 በመቶ ነው» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ዋጋ ከመቀጠላችሁ በፊት ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው ጠይቁት።

3ኛ. የሙቀት ሒሳብ በአዲስ አበባ

ቺፑ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ልክና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱን 10 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁን ከ1.0 ወደ 1.1 ብናሳድግ፣ 1.1 × 1.21 = 1.33 ይሆናል፤ ይህም ማለት ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን ማለት ነው። ኃይሉ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም መፍሰሱን መልሶ ያብሳል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር የተገኘ ውጤት ሳይመረመር ለእኛ አይሠራም።

4ኛ. ምን እናድርግ?

ካርዱን በዓይናችን ፊት በሥራ ላይ አድርገን ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን እንይ። ቮልቴጁን ሳንነካ ፍጥነቱን በየ20 ሜጋኸርዝ እንጨምር፤ በሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ሲታይ ወይም ፕሮግራሙ ሲቆም አንድ ሁለት እርከን እንመለስ። ሁለት ካርዶች የምናወዳድር ከሆነ በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ፈተና ይሁን። ማስታወሻው፣ የኃይል ማስተካከያው ክፍልና ማቀዝቀዣው ከቺፑ ቀድመው ሊደክሙ እንደሚችሉም አንርሳ። ቮልቴጅ መጨመር ግን ለተማሪ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ከአንባቢዎች መካከል ይህን የሞከረ የካርዱን ዓይነት፣ ንባቡን፣ የክፍሉን ሙቀትና የደረሰበትን ፍጥነት ጽፎ ቢልክልን፣ ከብዙዎች መዝገብ የሚገኘው ትምህርት ከአንድ መቶኛ ይልቅ ይጠቅመናል።