በመጋዘን መዝገብ ላይ የሌለው መርዝ፦ በቆዳ ፋብሪካዎች የሃይድሮጂን ሰልፋይድ አደጋና የኬሚካል ደህንነት አያያዝ

መግቢያ

በሥራ ቦታ የሚገኙ አደገኛ ኬሚካሎችን ስለ መቆጣጠር የሚዘጋጁ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጋዘን ይጀምራሉ። ምን ኬሚካል ተገዛ፣ በምን ያህል መጠን፣ የት ተቀመጠ፣ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ምን ይላል የሚሉት ጥያቄዎች በቅድሚያ ይነሣሉ። ይህ አካሄድ ለብዙ የሥራ ዘርፎች ቢያገለግልም በቆዳ ማልፋት ሥራ ላይ ትልቅ ክፍተት ይተዋል። በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሰውን በደቂቃዎች ሊገድል የሚችለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አይገዛም፤ በመጋዘን አይቀመጥም፤ በርሜልም ሆነ መለያ ጽሑፍ የለውም። የሚፈጠረው እያንዳንዳቸው በአግባቡ የተመዘገቡ ሁለት ኬሚካሎች በሥራ ሂደት ሲገናኙ ነው።

የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና ከእርሷ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሞጆ ከተማ ነው። ስለ ፋብሪካዎቹ ሲነገር የሚቀድመው የወንዝ ብክለት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፍሳሹ ወንዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሠራተኛው እግር ሥር ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ያ ቦታ ነው።

ጋዙ እንዴት ይፈጠራል?

ጥሬው ቆዳ ከጨውና ከቆሻሻ ከጸዳ በኋላ ጸጉሩ እንዲለቅ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ውኃ ይነከራል። የዚህ ውኃ ፒኤች 12 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ ሰልፋይዱ በውኃው ውስጥ ተሟምቶ ይቆያል፤ ወደ አየር የሚወጣው ጋዝ እጅግ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ኖራውን ለማስወጣት ቆዳው ብዙውን ጊዜ በአሞኒየም ሰልፌት ይታጠባል፤ ፒኤቹም ወደ 8 ወይም 9 ይወርዳል። ከዚያም ቆዳው ከጨው ጋር በሰልፈሪክ ወይም በፎርሚክ አሲድ ይታከምና ፒኤቹ 3 አካባቢ ይደርሳል። ክሮም የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

አደጋው ያለው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲሆን በውኃው ካለው ሰልፋይድ ግማሽ ያህሉ ወደ ሃይድሮጂን ሰልፋይድነት ይለወጣል፤ 5 ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይለወጣል። ስለዚህ በቆዳው ውስጥ ወይም በድራሙ ግድግዳ ላይ የቀረ ሰልፋይድ አሲድ ሲያገኘው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የድራሙን በር ለመክፈት ጎንበስ የሚለው ሠራተኛ የመጀመሪያው ተጋላጭ ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ቦታ የፍሳሽ መስመር ነው። የኖራው ፍሳሽ ለብቻው ሲሄድ በአንጻራዊነት የረጋ ነው፤ የአሲዱ ፍሳሽም ለብቻው ሲሄድ ይህን ጋዝ አያመነጭም። ሁለቱ በአንድ ቦይ ሲገናኙ ግን ቦዩ ራሱ የጋዝ ማምረቻ ይሆናል። ጋዙ ከአየር በመጠኑ ስለሚከብድ፣ የክብደቱ ንጽጽርም 1.19 ያህል ስለሆነ፣ በጉድጓድና በማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ከዚህም ሌላ በገንዳው ግርጌ የተጠራቀመው ዝቃጭ ለቀናት ሳይነካ ሲቀር በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ፤ ዝቃጩ በአካፋ ሲቆፈር የታፈነው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በሌላ አነጋገር ፋብሪካው ሥራ ባቆመበትና ድራሞቹ በማይዞሩበት የጥገና ቀን እንኳ ጉድጓዱ ሥራ አላቆመም።

የሽታው ማታለል

ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አለው፤ አፍንጫም ከ1 ፒፒኤም ባነሰ መጠን፣ ማለትም በሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንድ ክፍል ሳይሞላ ይለየዋል። ብዙ ሠራተኞች በዚሁ ይተማመናሉ፤ ሽታው ካለ ይጠነቀቃሉ፣ ሽታው ከጠፋ አደጋው እንዳለፈ ይቆጥራሉ። ይህ እምነት ገዳይ ነው። መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። እንግዲህ የሽታው መጥፋት ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ጋዙ የለም፣ ወይ እጅግ በዝቷል። ሠራተኛው ሁለቱን የሚለይበት የተፈጥሮ መንገድ የለውም።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም 100 ፒፒኤምን ለሕይወት ቅጽበታዊ አደጋ የሚሆን መጠን ብሎ የወሰነ ሲሆን፣ በሥራ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ሊታለፍ የማይገባውን ጣራ 10 ፒፒኤም ላይ አስቀምጧል። ከ700 እስከ 1000 ፒፒኤም ባለው መጠን ሰው ወዲያውኑ ራሱን ይስታል፤ ሞትም በደቂቃዎች ውስጥ ሊከተል ይችላል። ጋዙ ሴሎች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ ጉዳቱ ከተራ መታፈን ይለያል። የጨርቅ ወይም የአቧራ መከላከያ ጭንብል ምንም አይፈይድም፤ ጋዙ እንደ አየሩ ሁሉ ያልፈዋል። ማጣሪያ ያለው ጭንብልም ቢሆን በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ አስተማማኝ አይደለም፤ የሚያገለግለው የራሱን አየር ይዞ የሚገባ የመተንፈሻ መሣሪያ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ አሳዛኙ የአዳኞች ሞት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በታፈኑ ቦታዎች ከሚደርሰው ሞት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የወደቀውን ለማዳን በገቡ ሰዎች ላይ የሚደርስ መሆኑን አመልክቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ባልንጀራው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እያየ ቆሞ መመልከት ለማንም ሰው ይከብዳል፤ አብሮ የበላና አብሮ የሠራ ሰው ሲሆን ደግሞ አለመውረድ ክህደት ይመስላል። ሁለተኛው ይወርዳል፤ እርሱም ይወድቃል፤ ሦስተኛው ይከተላል። በስብሰባ አዳራሽ «ተጠንቀቁ» በሚል ቃል ይህን ስሜት መግታት አይቻልም። ሊገታ የሚችለው ሳይወርዱ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው፤ ወራጁ ማሰሪያ ቀበቶ ለብሶ፣ ገመዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ በቆመ ባለ ሦስት እግር ማውጫ ላይ ታስሮ፣ ከላይ የቆመው ሰው ዓይኑን ሳያነሣ ሲጠብቅ። ገመድ በእጁ የያዘ ሰው ለመውረድ ምክንያት የለውም።

የሕጉ ይዘትና የመለያ ጽሑፍ ችግር

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞችን ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር፣ የደህንነት ኃላፊ የመመደብና ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በበኩሉ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው የራቀ ሠራተኛ ያልተገባ ቅጣት እንዳይደርስበት ይጠብቃል። የሕግ ድህነት አለ ለማለት አይቻልም።

ችግሩ ግዴታው ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚደርስበት መንገድ ነው። የሶዲየም ሰልፋይድ ከረጢት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ይችላል፤ የደህንነት መረጃ ቅጹም በዓለም አቀፉ ሥርዓት መሠረት 16 ክፍሎች አሉት። ነገር ግን ጽሑፉ ከላኪው አገር በመጣበት ቋንቋ ከቀረ፣ ቅጹም በግዥ ክፍል ፋይል ውስጥ ከታሰረ፣ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ለሚያነበው የፈረቃ ሠራተኛ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ኬሚካሉ ከከረጢቱ ወጥቶ በጀሪካን ወይም በተጣለ የውኃ ፕላስቲክ ሲቀዳ መለያው ጨርሶ ይጠፋል። ሁሉም እንኳ ቢሟላ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ከረጢቱ ነው። ስለ ጉድጓዱ የሚናገር መለያ የሚጽፈው ፋብሪካው ራሱ ብቻ ነው።

የመቆጣጠሪያ እርምጃዎች ቅደም ተከተል

በሙያው ተቀባይነት ያለው ቅደም ተከተል አደጋውን ከምንጩ ማስወገድን ያስቀድማል፤ የግል መከላከያ መሣሪያን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። በተግባር ግን ጓንትና ቦቲ ማደል የደህንነት ሥራው መጀመሪያም መጨረሻም የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ጓንት እጅን ከኖራ ይጠብቃል፤ ሳንባን ከጋዝ አይጠብቅም።

ከምንጩ ለመጀመር፣ ኢንዛይምን በመጠቀም ለጸጉር ማስለቀቂያ የሚያስፈልገውን ሰልፋይድ መቀነስ ይቻላል። የቀረውን ሰልፋይድ ፒኤቹ ከመውረዱ በፊት በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ማቃጠል ሌላው መንገድ ነው፤ ፐርኦክሳይዱ ራሱ ጥንቃቄ የሚፈልግ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ማስገንዘቢያ ያስፈልጋል። የአሞኒያን ብክለት ለመቀነስ በአሞኒየም ሰልፌት ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ለአካባቢ የተሻለ አማራጭ ተብሎ ይመከራል፤ ይሁንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ስለሚያወርድ ሰልፋይዱ አስቀድሞ ካልተወገደ ጋዙ ይጨምራል። ወንዙን የሚጠቅም ለውጥ ሠራተኛውን የሚጎዳበት ሁኔታ አለ፤ ሁለቱን ጉዳዮች የሚከታተሉ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ ይህ አይታይም።

የሚቀጥለው ፍሳሾቹን መለየት ነው። የኖራው ፍሳሽ በራሱ መስመር ወደ ራሱ ገንዳ ይሄዳል፤ በዚያም ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር እየተነፋበት ሰልፋይዱ ከከሰመ በኋላ ብቻ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። በአሮጌ ፋብሪካ ቦዩን ለሁለት መክፈል ወጪ ያስከትላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ሰዓት እንዳይለቀቁ ማድረግና በመካከሉ ቦዩን በብዙ ውኃ ማጠብ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የፈረቃ ኃላፊው አንድ ቀን ከዘነጋ ጥበቃው ይፈርሳል።

ጉድጓድ መግባት የማይቀር ሲሆን የጽሑፍ ፈቃድ ሊኖር ይገባል። ፈቃዱን የሚፈርመው ሰው አየሩን በጋዝ መለኪያ ከላይ፣ ከመካከልና ከግርጌ ራሱ ለክቶ ውጤቱን ይጽፋል፤ ዝቃጩ ሲቆፈር ሁኔታው ስለሚለወጥ ወራጁ በደረቱ ላይ የሚጮህ መለኪያ ይዞ ይገባል። መለኪያው በየጊዜው ካልተስተካከለ ከአፍንጫ የማይሻል ዕቃ ይሆናል።

የክሮም ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ነው። ለማልፋት የሚያገለግለው ባለ ሦስት ክሮም በማይመች አያያዝ ካንሰር አምጪ ወደሆነው ባለ ስድስት ክሮም ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰው ቆዳ ጋር በሚነካካ የቆዳ ምርት ውስጥ ባለ ስድስት ክሮም በኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ስለወሰነ፣ ላኪ ፋብሪካዎች ይህን በቤተ ሙከራ ያስፈትሻሉ። ጫማው ከመሸጡ በፊት ይለካል፤ ጉድጓዱ ግን ገዥ ስለሌለው መለኪያ የሚያስገድደው የለም።

ገንዳ የሚጠርገው ሰው ብዙ ጊዜ ቋሚው የድራም ኦፕሬተር ሳይሆን ለዕለቱ በኮንትራት የመጣ የጉልበት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው ለቋሚ ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ሰው አይደርሰውም። ስለዚህ የመግቢያ ፈቃዱ ላይ የወራጁ ስም፣ ስለ ጋዙ በምን ቋንቋ እንደተነገረውና ከላይ ገመዱን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ክዳኑ አይነሣም።