የውኃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ጨዋታ

ሽንት ቤት ከተቈፈረ በኋላ ስፍራውን መለወጥ ብዙ ድካም ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጠጠር መለማመድ ይሻላል በማለት ይህን የእንቆቅልሽ ጨዋታ አዘጋጅተናል።

በመሬት ላይ አምስት ወደ ጐን፣ አምስት ወደ ታች፣ በጠቅላላው 25 ክፍሎች ይሠመሩ። የእያንዳንዱ ክፍል ጐን 10 ሜትር እንደ ሆነ ይቈጠር፤ የላይኛው ተርታ ዳገቱ፣ የታችኛው ቁልቁለቱ ነው። ጠያቂው ለውኃ ጉድጓድ ነጭ ጠጠር፣ ለመኖሪያ ቤት ከሰል በወደደው ክፍል ያኖራል። መላሹ የሽንት ቤቱን ስፍራ በባቄላ ፍሬ ያመለክታል።

ሽንት ቤቱ ከውኃው በታች ባለ ተርታ ይሁን፤ ደግሞም የውኃው ክፍል ሳይቈጠር፣ ወደ ጐን ወይም ወደ ታች ቢያንስ በሦስተኛው ክፍል ላይ ይዋል፤ ይኸውም 30 ሜትር ማለት ነው። ጀማሪዎች ወደ ጐን ሁለት፣ ወደ ታች አንድ ቈጥረው «ሦስት ሞላ» ይላሉ፤ ነገር ግን በቀጥታ ቢለካ 23 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ አይደመሩም። ከዐይነ ምድር የሚወጡ ተሕዋስያን ከመሬት በታች ውኃውን ተከትለው ይጓዛሉና፤ ዐለቱ በተሰነጣጠቀበት አገርማ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል።

ሕጉን የሚያሟሉ ብዙ ክፍሎች ቢገኙ ለቤቱ የሚቀርበው ይመረጥ፤ በሌሊትና በዝናብ ወደ ሩቅ ሽንት ቤት የሚሄድ ጥቂት ነው።

ጠያቂው ነጩን ጠጠር በመካከለኛው ክፍል ያኖረ እንደ ሆነ ግን መላሹ ባቄላውን ይዞ ብዙ ይደክማል። እኛም ይህን ጥያቄ አብልጠን እንወደዋለን፤ የሚሆን ክፍል የለምና። «ስፍራ የለም፤ ውኃው ይነሣ» ያለ ያሸንፋል፤ ጠጠሩንም ሕጉ ወደሚፈቅድበት አንሥቶ ጨዋታውን ይቀጥላል። የታችኛው ተርታም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱን መላሹ ራሱ ይፈልግ።