ጠፍጣፋ ማግኔታዊ የጆሮ ማዳመጫን በአነስተኛ ወጪ ለመንደፍ

የተለመደውን የጆሮ ማዳመጫ ፈትቶ የተመለከተ ሁሉ በውስጡ አነስተኛ ስፒከር ያገኛል። ይኸውም ክብ ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚንጠለጠል የቀጭን ሽቦ ጥቅልና ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀ ስስ ዳያፍራም ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ጥቅሉ ይገፋል፤ ዳያፍራሙም ተከትሎት ይርገበገባል። ይሁን እንጂ ኃይሉ የሚያርፈው ጥቅሉ በተጣበቀበት ቀለበት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው የዳያፍራሙ ክፍል የሚንቀሳቀሰው ተጎትቶ ነው። ድግግሞሹ ከፍ እያለ ሲሄድ ይህ ክፍል ቀለበቱን መከተል ያቅተዋል፤ የዳያፍራሙ አንዱ ወገን ወደፊት ሲሄድ ሌላው ወደኋላ ይመለሳል።

ጠፍጣፋ ማግኔታዊ ወይም ፕላናር የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ ይህን ችግር የሚያቃልለው ጥቅሉን ጨርሶ በማስወገድ ነው። የብረት መስመሩ በስስ ፕላስቲክ ላይ እየተመላለሰ ይነጠፋል፤ ከፕላስቲኩ በአንድ ወገን ወይም በሁለቱም ወገን የማግኔት ዘንጎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ኃይሉም በአንድ ቀለበት ላይ መሆኑ ቀርቶ በመላው ገጽ ላይ ይሰራጫል። በከበሮ ብንመስለው፣ ቆዳውን አንድ ቦታ ላይ በጣት ከመምታት ይልቅ መላውን ቆዳ በአንድ ጊዜ እንደመግፋት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ያማሃ ኤችፒ-1 የተባለውን ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ባቀረበበት ወቅት ዛሬ የምናውቀው የኒዮዲሚየም ማግኔት ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነቱ ማዳመጫ ለብዙ ዓመታት የጥቂቶች ዕቃ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኦዲዚ ያወጣው ኤልሲዲ-2 ዋጋው ወደ 1000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ሃይፋይማን እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበው ኤችኢ400ኤስኢ ግን በ150 ዶላር ገደማ ተሸጠ። የሁለቱ የአሠራር መርሕ አንድ ነው። እንግዲያውስ እንዲህ ያለ ማዳመጫ በራሱ መሥራት የሚሻ ተማሪ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ የት ላይ ቢያውላት ይሻላል? ይህን ለመመለስ አንድ የምሳሌ ንድፍ ወስደን እናሰላለን።

ለእያንዳንዱ ጆሮ 60 በ60 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ዳያፍራም እንውሰድ፤ ስፋቱ 36 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ፕላስቲኩ 12 ማይክሮን ውፍረት ያለው ፖሊስተር ይሁን። በላዩ ላይ ያለው መስመር ከ10 ማይክሮን የአሉሚኒየም ፎይል የተሠራ፣ ወርዱ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ በምልልሱ ሁሉ ተደምሮ 4 ሜትር ይሁን። የአሉሚኒየም ሬዚስቲቪቲ 2.65 ሲባዛ በ10 ኔጌቲቭ ስምንት ኦም ሜትር ስለሆነ የመስመሩ ሬዚስታንስ 21 ኦም ገደማ ይመጣል። ይህም ለአብዛኞቹ ማጉያዎች የሚመች መጠን ነው። ማግኔቶቹ በአንድ ወገን ብቻ ይደርደሩ፤ ዘጠኝ የኒዮዲሚየም ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው 60 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 4 ሚሊሜትር ወርድና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ከመሃል እስከ መሃል 7.5 ሚሊሜትር ተራርቀው፣ የአንዱ ሰሜን ዋልታ ወደ ዳያፍራሙ ሲመለከት የጎረቤቱ ደግሞ ደቡብ ዋልታ እንዲመለከት ሆነው ይቀመጣሉ። የማግኔት መስኩ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው በዳያፍራሙ ገጽ ላይ ተጋድሞ ያልፋል። ጅረቱ በዘንጎቹ ርዝመት አቅጣጫ ስለሚጓዝ ኃይሉ ለሁለቱም ቀጥ ያለ፣ ማለትም ዳያፍራሙን ወደ ጆሮ ወይም ከጆሮ የሚገፋ ይሆናል። መስኩ ከአንዱ ክፍተት ወደ ቀጣዩ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ ጅረቱም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ መስመሩ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ግማሹ ዳያፍራም ሌላውን ግማሽ የሚቃወምበት ዕቃ ይሠራል።

ኃይሉ በታወቀው ቀመር ይገኛል፦ ኃይል = መስክ × የመስመር ርዝመት × ጅረት። አማካይ መስኩ 0.2 ቴስላ ቢሆን፣ ለ1 ሚሊዋት የሚያስፈልገው ጅረት 6.9 ሚሊአምፒር ነው፤ ኃይሉም 5.5 ሚሊኒውተን ይሆናል። ይህን ለስፋቱ ስናካፍለው 1.5 ፓስካል ግፊት እናገኛለን፤ በዲሲቤል ሲገለጽ 98 ያህል ነው። በኋላ እንደምንመለከተው ይህ ቁጥር በእውነተኛ ዕቃ የማይደረስበት የላይኛው ወሰን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ እናንሳ። መስመሩን ይበልጥ አቅጥነን ብናረዝመው ድምፁ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሆኖም መስመሩ ሲረዝምና ሲቀጥን ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ በተመሳሳይ ፓወር የሚያልፈው ጅረት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀመሩን አስተካክለን ብንጽፈው ኃይሉ የሚወሰነው በመስኩና የብረቱ ጠቅላላ ይዘት ለሬዚስቲቪቲው ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ብቻ ነው። ርዝመቱ ከቀመሩ ይወጣል! እንግዲህ የምልልሱ ብዛት የሚጠቅመው ሬዚስታንሱን ከማጉያው ጋር ለማስማማት እንጂ ከአንድ ሚሊዋት የበለጠ ድምፅ ለማውጣት አይደለም። አንባቢ ይህን ራሱ በወረቀት ላይ አውጥቶ እንዲያረጋግጥ እንመክራለን።

ስለዚህ ኃይልን ለመጨመር ሁለት መንገዶች ቀርተውልናል፤ መስኩን ማበርታት ወይም ብረቱን ማብዛት።

መስኩን ማበርታት ገንዘብ ያስወጣል። በዳያፍራሙ ሌላ ወገን ሁለተኛ የማግኔት ረድፍ ብንጨምር መስኩ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ድምፁም በ6 ዲሲቤል ያድጋል። ነገር ግን የማግኔት ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱም እንዲሁ። የኒዮዲሚየም እፍግታ 7.5 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ አንዱ ዘንግ 5.4 ግራም ይመዝናል፤ ለሁለቱ ጆሮዎች አንድ ረድፍ 97 ግራም፣ ሁለት ረድፍ 194 ግራም ነው። ይህ ሁሉ በአድማጩ ራስ ላይ የሚቀመጥ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለተኛው ረድፍ ሌላም ጥቅም አለው፦ ማግኔቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ዳያፍራሙ ወደ ማግኔቱ ሲቀርብ መስኩ ይበረታል፣ ሲርቅ ይደክማል፤ ይህም የድምፅ መዛባት ያስከትላል። ሁለቱ ረድፎች ይህን ያካክሳሉ።

ገንዘብ ሳያስወጣ መስኩን የሚያበረታ ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ርቀት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ የማግኔት ድርድር ስንርቅ መስኩ የሚደክመው በኤክስፖነንሻል ሕግ ነው። በእኛ ንድፍ ከማግኔቶቹ ገጽ አንድ ሚሊሜትር ርቀት ላይ 66 በመቶው ብቻ ይቀራል፤ ሁለት ሚሊሜትር ላይ 43 በመቶ። በግዴለሽነት የተጨመረች የግማሽ ሚሊሜትር ካርቶን ወደ 2 ዲሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ትበላለች። ርካሽ በሆነ ማግኔት በጥንቃቄ የተገጠመ ማዳመጫ ውድ ማግኔት ይዞ በዘፈቀደ ከተገጠመው ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መቅረብም ወሰን አለው፤ ዳያፍራሙ ማግኔቱን ከነካ ይንዛረዛል።

ብረቱን ማብዛት ደግሞ ክብደት ያመጣል። የምሳሌያችን ዳያፍራም ፕላስቲኩ 60 ሚሊግራም፣ አሉሚኒየሙ 54 ሚሊግራም፣ በድምሩ 114 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሌላ ለሠሪው እጅግ ቀላል የሆነ መንገድ አለ፦ ተጣጣፊ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ከሚያትሙ ፋብሪካዎች በ25 ማይክሮን ፖሊኢማይድ ላይ 18 ማይክሮን መዳብ የተነጠፈበትን ተዘጋጅቶ የመጣ ዳያፍራም ማዘዝ። በተመሳሳይ የመስመር ንድፍ ይህኛው 450 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። መዳቡ ይዘቱም ብዙ፣ ሬዚስቲቪቲውም ዝቅተኛ ስለሆነ ኃይሉ በ4.5 ዲሲቤል ይበልጣል፤ በወፍራምና በመካከለኛ ድምፅ ላይ ይህ ትርፍ ይሰማል። በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ግን መጠነ ቁሱ ያሸንፋል፤ በ10 ሺህ ኸርዝ አካባቢ መዳቡ ከአሉሚኒየሙ ከ6 እስከ 7 ዲሲቤል ወደኋላ ይቀራል፤ ድምፁም ደብዘዝ ይላል። ሬዚስታንሱም ወደ 7.5 ኦም ስለሚወርድ መስመሩን ማቅጠንና ማርዘም ግድ ይሆናል።

የአሉሚኒየም የበላይነት ድንገተኛ አይደለም። ለእኩል ሬዚስታንስና ለእኩል ርዝመት የሚያስፈልገው የአሉሚኒየም መጠነ ቁስ ከመዳቡ ከግማሽ ያንሳል። በሌላ በኩል አሉሚኒየሙን በቤት ውስጥ በኬሚካል እያሟሙ መስመር ማውጣት አድካሚ ነው፤ ፌሪክ ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ብርቱ ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ የቀጠነ ውሑድ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ያስፈልጋል። በእኛ አመለካከት የመጀመሪያውን ሙከራ በታተመው መዳብ መጀመር፣ መርሑ ከገባ በኋላ ወደ አሉሚኒየም መሸጋገር ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብዙ ሠሪዎች ሐሳባቸውን ሁሉ በማግኔቱ ላይ ጥለው የሚዘነጉት የትራሱን አየር ነው። በዳያፍራሙና በጆሮ መካከል 60 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር በትራሱ ታሽጎ ቢቀመጥ፣ ይህ አየር እንደ ስፕሪንግ ይሠራል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት ጥንካሬውን ብናሰላ በሜትር 31 ሺህ ኒውተን ገደማ ነው። ዳያፍራሙ በራሱ ውጥረት፣ ያለ ትራስ በ60 ኸርዝ ሬዞናንስ እንዲኖረው ተወጥሮ ቢሆን፣ አብሮት የሚንቀሳቀሰው አየር ተጨምሮ እንኳ የውጥረቱ ጥንካሬ 50 ኒውተን በሜትር አካባቢ ነው። የታሸገው አየር ከፕላስቲኩ ውጥረት በመቶዎች እጥፍ ይጠነክራል ማለት ነው!

ከዚህ የሚከተለው ነገር አስገራሚ ነው። ትራሱ በሚገባ ከታሸገ ቢያንስ እስከ አንድ ሺህ ኸርዝ አካባቢ ድረስ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ግፊት ከላይ ያሰላነው ኃይል ለስፋት የተካፈለው ነው፤ 30 ኸርዝም ይሁን 300 ያው ነው። ጠፍጣፋ ማግኔታዊ ማዳመጫዎች የሚመሰገኑበት ቀጥ ያለ የወፍራም ድምፅ ምንጩ ይህ ነው። የሚያስፈልገው እንቅስቃሴም ኢምንት ነው። ለ100 ዲሲቤል ዳያፍራሙ የሚንቀሳቀሰው ከሩብ ማይክሮን ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ የአየሩ ስፕሪንግ በዚያው ልክ ይላላል፤ እንቅስቃሴውም ወደ አንድ ሦስተኛ ማይክሮን ከፍ ይላል። ይህም ቢሆን ማግኔቱን ለመንካት እጅግ ሩቅ ነው።

ትራሱ ሲያፈስ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በመነጽር ክንድ ወይም በጸጉር ምክንያት በተፈጠረች ቀጭን ክፍተት አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ፈጣኑ ርግብግቢት ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ አይጎዳም፤ ዝግተኛው፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ያመልጣል። ሠሪው ይህን ሲሰማ «ማግኔቱ ደካማ ነው» ብሎ ሁለተኛ ረድፍ ይገዛል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ከሌላው ጋር እኩል በ6 ዲሲቤል ያድጋል እንጂ ጉድለቱ ባለበት ይቀራል። ለጥቂት ስፖንጅና ለአስመሳይ ቆዳ የሚወጣ ወጪ ይህን ችግር በተሻለ ይፈታዋል። የትራሱ ልስላሴና ትራሱ ከማዳመጫው አካል ጋር የሚጣበቅበት ጠርዝ በመጀመሪያ ደረጃ መታሰብ ያለባቸው ናቸው።

ውጥረቱም ቢሆን በእኩልነቱ እንጂ በብርታቱ አይደለም የሚፈለገው። አንዱ ጎን ላልቶ ሌላው ከከረረ ዳያፍራሙ ይሸበሸባል፤ በአንዳንድ ድግግሞሽም ለብቻው ያስተጋባል። ይህን ለማርገብ ከጀርባ በኩል ስስ ጨርቅ ወይም ፌልት ይለጠፋል፤ የጨርቁ ውፍረት በሙከራ እንጂ በስሌት ብዙ አይገኝም። ማግኔቶቹን ስንገጥም ደግሞ ጣትን መጠበቅ ይገባል፤ ጎረቤታሞቹ ዘንጎች ተፈናጥረው ሲጋጩ ቆዳ ይቆነጥጣሉ፣ ራሳቸውም ይሰባበራሉ። ዘንጎቹን ቀዳዳ ባለው ስስ የብረት ሳህን ላይ ማስቀመጥ አያያዛቸውን ያቀላል፤ መስኩንም ወደ ዳያፍራሙ ወገን በመጠኑ ያበረታል።

ስሌታችን ከእውነታው ምን ያህል ይርቃል? ለኤችኢ400ኤስኢ አምራቹ የሚያስታውቀው ትብነት 91 ዲሲቤል፣ ሬዚስታንሱ 25 ኦም፣ ክብደቱ 390 ግራም ነው። እኛ ያገኘነው 98 ነበር። ልዩነቱ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ እኛ ትራሱ ፍጹም የታሸገ፣ ዳያፍራሙ እስከ ጠርዙ እኩል የሚንቀሳቀስ እንደሆነ አድርገን ነው ያሰላነው፤ በተጨባጭ ግን ጠርዙ ታስሯል፣ ትራሱም ጥቂት ያፈሳል። ሰባት ዲሲቤል ብንቀንስ እንኳ ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር የሚወጣ ግማሽ ቮልት 100 ዲሲቤል ያህል ይሰጣል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሊደመጥ ከሚገባው በላይ ነው።

ዕቃው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ፈተና አለ። ከኮምፒዩተር የ40 ኸርዝ ድምፅ በዝቅተኛ መጠን እያሰማን ሁለቱን ትራሶች በእጃችን ወደ ራሳችን ቀስ ብለን እንጫናቸው። ድምፁ በግልጽ ከበረታ የሚጎድለው ማግኔት ሳይሆን እሽግ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ትራሱ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነውና ወደ ማግኔቱ ርቀት መመለስ ይቻላል።